ውኃ በአፈር ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ነው። አርእስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ «ይህ የእርሻ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» የሚል ቃል ከሕግና ከሒሳብ ክፍል ወንድሞቻችን ዘንድ ሲነገር ሰንብቷል። እኔ ግን ነገሩ የሁላችንም ነው እላለሁ። በወላይታ የሚኖር ሰው የሚጠጣው ውኃ፥ ከምንጭም ይቀዳ ከጉድጓድ፥ አስቀድሞ በአፈር ውስጥ ያለፈ ውኃ ነው። የሒሳብ ተማሪዎችንም ደስ ለማሰኘት በሒሳብ እጀምራለሁ።

በሶዶና በአካባቢዋ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ወደ ዳሞት ተራራ ከፍ ሲሉ ይበልጣል፤ ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርዱ ያንሳል። ይህን ቁጥር ወደ ገበሬው መለኪያ ብንመልሰውና አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል፥ በአንድ ጥማድ ላይ በየዓመቱ 3,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። ይኸውም 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ሲሰፈር 150,000 ጀሪካን ነው። አንዲት ልጃገረድ በቀን ሁለት ጀሪካን ብትቀዳ ይህን ለመጨረስ ከ200 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ በየዓመቱ በደጃፏ የሚወርድ ሆኖ ሳለ፥ በጥርና በየካቲት ለአንድ ጀሪካን ሩቅ መንገድ የምትሄደው ስለ ምንድን ነው? ከፊሉ በፀሐይ ተንኖ፥ ከፊሉ በሰብልና በዛፍ ተጠጥቶ መሄዱ የታወቀ ነው። የቀረው የት ገባ? ዛሬ የምንከተለው ይህንን ውኃ ነው።

አፈር ሲታይ ድፍን ይመስላል፤ ነገር ግን ጤናማ ከሆነ ግማሹ ያህል ባዶ ቦታ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ስፍር ቁጥር የሌለው ክፍተት አለ፤ ውኃና አየርም እየተፈራረቁ ይኖሩበታል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰፊ ከሆነ ይለቃል። ኩራዝ አብርቶ ያጠና ሰው ይህን ያውቀዋል። ጋዙ ከታች ሆኖ ሳለ በክሩ ውስጥ እየሳበ ወደ ላይ የሚወጣው በክሩ ጠባብ ክፍተቶች አማካይነት ነው። ውኃም በአፈር ውስጥ እንዲሁ ነው። የክፍተቱ ስፋት ከሚሊሜትር መቶኛ 3 እጅ ቢሆን ውኃን አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊስብ ይችላል፤ ጥበቱ በጨመረ መጠን የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ውኃ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል የሚለው አሳብ ትክክል አይደለም። ከእርጥቡ ወደ ደረቁ፥ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሄዳል። አሜሪካዊው ኤድጋር በኪንግሃም እ.ኤ.አ. በ1907 ይህንኑ በሒሳብ መልክ አስቀመጠው።

አሸዋ ክፍተቱ ሰፊ ስለ ሆነ ውኃን ቶሎ ይቀበላል፥ ቶሎም ይለቃል። ሸክላነት ያለው አፈር በተቃራኒው ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ነገር ግን ከያዘው ውስጥ ብዙውን ለማንም አይሰጥም። ክፍተቱ እጅግ በጠበበ ጊዜ፥ ይኸውም ከሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ 2 እጅ ሲሆን፥ ውኃው የተያዘበት ኃይል አብዛኛውን ሰብል ያሸንፋል፤ በቆሎው እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። «አፈሩ እርጥብ ነው፤ ሰብሉ ግን ደረቀ» የሚለው የገበሬ ቃል ስሕተት የለበትም።

የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ የአፈር ሊቃውንት ኒቲሶል ይሉታል። ስሙ በላቲን ቋንቋ «የሚያብረቀርቅ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ጓሉን ሰብራችሁ ብታዩት ፊቱ በእርግጥ ያብለጨልጫል። ይህ አፈር ሸክላ የበዛበት ሲሆን በውስጡ ያለው ብረት ሸክላውን እንደ ፍሬ ፍሬ አድርጎ ያያይዘዋል። ስለዚህ በፍሬው ውስጥ ጠባብ ክፍተት፥ በፍሬና በፍሬ መካከል ደግሞ ሰፊ መንገድ አለው፤ ጠባቡ ያስቀምጣል፥ ሰፊው ያሳልፋል። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት አብጦ በሩን ሲዘጋና በበጋ ሲሰነጣጠቅ ቀዩ አፈር እንዲህ አይሆንም። ጥልቀቱም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ለሰብል የሚሆን 150 ሚሊሜትር ያህል ውኃ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በቀን 5 ሚሊሜትር የሚጠጣ በቆሎ በዚህ አንድ ወር ይቆያል። በበልግና በክረምት መካከል ዝናብ ሲቋረጥ ሰብሉን የሚያሻግረው ይህ ጎተራ ነው። ተፈጥሮ ለወላይታ የነፈገችው ነገር የለም ለማለት እደፍራለሁ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ከተገኘ።

ስለ በሩ ከመናገሬ በፊት ግን በጠረጴዛው ላይ ያለውን ስፖንጅ ተመልከቱልኝ።

(እዚህ ላይ ተናጋሪው ስፖንጁን በሳሕን ውኃ ነክሮ አጋድሞ ያዘው።)

በመጀመሪያ ይንጠባጠባል፤ አሁን ቆመ። ውኃ ግን ሞልቶታል። አሁን በጎኑ አቆመዋለሁ። እነሆ፥ ማንም ሳይጨምቀው እንደ ገና መንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥ አድርጌ በቁመቱ ብይዘው ደግሞ ሌላ ውኃ ይወጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጠባብ ክፍተት የተያዘ ውኃ ወደ ክፍት አየር በገዛ ፈቃዱ አይወጣም፤ የሚወጣው ከበላዩ ያለው ውኃ ተጭኖ ሲያስገድደው ነው። ስፖንጁ ሲጋደም በላዩ ያለው የውኃ ቁመት ሁለት ጣት ነበር፤ ሲቆም ግን ስንዝር ሆነ።

ከዚህች ስፖንጅ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው የጉድጓድ ነገር ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው እርጥብ አፈር ባገኘ ጊዜ ውኃ ደረስኩ ብሎ ይደሰታል፤ ሲያድር ግን ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። እርጥቡ አፈር ውኃውን ይዞታል እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይለቅም። ጉድጓድ ውኃ የሚያገኘው ክፍተቶቹ ሁሉ እስከሞሉበት ወለል ድረስ ወርዶ ሲያልፍ ነው። ይህ ወለል በክረምት ይነሣል፥ በበጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ በየካቲት ቢደርቅ ቆፋሪው ረግሞት አይደለም።

ሁለተኛው የቦረቦር ነገር ነው። ከዳሞት ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የተጓዘ ሁሉ መሬቱን ለሁለት የሰነጠቁትን ገደሎች አይቷል። ዘወትር የሚነገረው ቦረቦር አፈርን መውሰዱ ነው። እኔ የምጨምረው ውኃን ማፍሰሱን ነው። ገደሉ በተቆፈረ መጠን በግራና በቀኝ ያለው መሬት ተጋድሞ እንደ ነበረና አሁን እንደ ቆመ ስፖንጅ ይሆናል። ቀድሞ ከሁለትና ከሦስት ሜትር በታች የነበረው የውኃ ወለል መውጫው ወደ ገደሉ ግርጌ ስለ ወረደለት ወደዚያው ይፈስሳል፤ በአጠገቡ ያለው የጓሮ ጉድጓድ ይደርቃል፥ ምንጩም ቦታውን ወደ ታች ይለውጣል። ሰዎች «ምንጫችን ጠፋ» ይላሉ፤ ምንጩ ግን በገደሉ ግርጌ ማንም በማይደርስበት ስፍራ ይፈስሳል። እንግዲህ ከመንገድና ከከተማ ቱቦ የሚወጣውን ጎርፍ በጎረቤት ማሳ ላይ መልቀቅ የጎረቤትን ጉድጓድ ማድረቅ ነው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ የውኃ መጠን ከቱቦው ስፋት ጋር እኩል አይጨምርም። ስፋቱ አሥር እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ውኃ አሥር ሺሕ እጥፍ ነው። አንድ መቶ ጠባብ ቱቦዎች ተሰብስበው የዚያን አንድ ሰፊ ቱቦ ቦታ ቢይዙ እንኳ ሰፊው ከሁሉም ድምር አንድ መቶ እጥፍ ያሳልፋል። ታዲያ በአፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ ቱቦ የሚሠራ ማን ነው? ትል፥ ምስጥ፥ የበሰበሰ ሥር ነው። የአንድ ትል መንገድ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት አለው። መሐንዲሶቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ በዚህ ሥራ የሚወዳደራቸው ደመወዝ የማይጠይቅ ፍጥረት አለ።

የወላይታ ገበሬ መሬቱን በሁለት ስም ይጠራል። በቤቱ ዙሪያ ያለውን፥ እንሰትና ቡና የተተከለበትን የጓሮ መሬት ዳርኳ ይለዋል፤ ከዚያ አልፎ ያለውን የውጭ ማሳ ሾቃ ይለዋል። ሁለቱ በመነሻቸው አንድ ቀይ አፈር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ብዙ ጊዜ መቶ ርምጃ አይሞላም። ነገር ግን የቤቱ እበት፥ አመድና የምግብ ትራፊ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሄደው ወደ ዳርኳ ነው። ስለዚህ ዳርኳ ጠቁሯል፥ ለስልሷል፥ ትል ሞልቶበታል፤ የእንሰቱም ሰፊ ቅጠል የዝናቡን ጠብታ ይቀበልለታል። ሾቃ ግን ዓመት በዓመት ይታረሳል፥ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይለቀምበታል፥ ባዶውን ሆኖ የበልጉን ዶፍ ይጠብቃል። ጠብታው የአፈሩን ፍሬ ሲመታው ይፈርሳል፤ የፈረሰው ደቃቅ አፈር ሰፊዎቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ሲደርቅም በላዩ ቅርፊት ይሠራል። ማረሻ በሚሄድበት ማሳ ደግሞ ከማረሻው ጫፍ በታች እየተደመደመ የጠጠረ ንብርብር አለ፤ ከላይ የገባውም ውኃ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰማይ ሥር፥ በአንድ ቀን፥ ዳርኳ ዝናቡን ሲጠጣ ሾቃ ጎርፍ ሲያወርድ ይታያል።

ልብ ማለት የሚገባን ይህ ነው። ቀዩ አፈር ውኃ የማስቀመጥ ችሎታውን አላጣም፤ የጠፋው መግቢያው ነው። ጎተራው እንዳለ ነው፥ አፉ ግን ተለስኗል። ወላይታ ከአገራችን ብዙ ሕዝብ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ስለ ሆነ የየቤቱ ማሳ ጠባብ፥ ከብቱም ጥቂት ነው። የከብቱ ቁጥር ሲቀንስ እበት ይቀንሳል፥ ዳርኳም እየጠበበች ትሄዳለች። ስለዚህ «ገበሬው ፍግ ያብዛ» ብሎ ከተማ ሆኖ መምከር ቀላል ነው፤ ፍጉ ከየት ይመጣል?

መንግሥትና ልዩ ልዩ ድርጅቶች ችግሩን ያልተመለከቱት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ዋዱ እየተባለ ሲጠራ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም፥ የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያካሄዱት፥ ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዱን በጉኑኖ ተክሎ ዝናቡን፥ ጎርፉንና የታጠበውን አፈር ሲለካ ኖሯል። ዛሬም በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ ወጥቶ እርከንና ትሬንች ይቆፍራል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የተቆፈረው በኪሎ ሜትር ብቻ ሲቆጠር፥ ውኃው ገብቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። የምፈራበትንም ምክንያት ልንገራችሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ፥ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ በእኛው ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ናዳ ወርዶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እዚህም ላይ ያለው ያው የአፈር ውኃ ነው። ጥቂት እርጥበት አፈርን ያጠናክረዋል፤ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ የለሰነ ሁሉ ይህን ያውቃል። በጠባቡ ክፍተት ያለው ውኃ ቅንጣቶቹን እርስ በርሳቸው ይስባቸዋልና ነው። ክፍተቱ ሁሉ በውኃ በሞላ ጊዜ ግን መሳቡ ይቀርና መግፋት ይጀምራል። ውኃው ከውስጥ ሆኖ ቅንጣቶቹን ያለያያቸዋል፥ በመካከላቸው ያለው መፋተግ ይቀንሳል። ይህን ሕግ ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ገልጦታል። ከታች ውኃ የማያሳልፍ ድንጋይ ወይም የጠጠረ ሸክላ፥ ከላይ ጥልቅ ልል አፈር፥ በመካከሉም ብዙ ቀን የዘነበ ውኃ ሲጠራቀም፥ ገደላማው መሬት የቆመበትን ይለቃል። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋትም እስኪደርቅ ድረስ ሁለተኛ ለመናድ የቀረበ ነው። በኬንቾ የደረሰው ይህን በመሪር ሁኔታ አሳይቷል። እንግዲህ በማንኛውም መንደር ናዳ ሲወርድ ለእርዳታ የሚሮጠው ሕዝብ፥ ርኅራኄው ሳይቀዘቅዝ፥ ቢያንስ አንድ ሰው ሽቅብ ቆሞ ስንጥቅ እንዲጠብቅለት ማድረግ አለበት።

ስለ ትሬንች የፈራሁትም ከዚህ የተነሣ ነው። ለዘብ ባለው ተዳፋት ላይ ውኃን አቁሞ ማስረግ ጉድጓድንና ምንጭን ይመግባል። በጣም ቀጥ ባለው፥ ልል አፈር በድንጋይ ላይ በተኛበት ስፍራ ግን ያንኑ ትሬንች መቆፈር ውኃን ወደ መንሸራተቻው ወለል ማስገባት ሊሆን ይችላል። በዚያ ስፍራ የሚሻለው ውኃውን በቀስታ ወደ ጎን የሚመራ ቦይና ሥሩ የጠለቀ ተክል ነው። አንድ ዓይነት ትእዛዝ ለዳገቱም ለሜዳውም ማውጣት አይገባም። ክፍላችን ካርታ ማንበብና አፈር መቦርቦር ያስተምረናል፤ ሁለቱን የሚለይልን እርሱ ነው።

ዛፍን በሚመለከት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። «ዛፍ ውኃ ያመጣል» ይላል አንዱ፤ «ባሕር ዛፍ ምንጩን ጠጣው» ይላል ሌላው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ዛፍ ሥሩን ሰድዶ በሩን ይከፍታል፥ በቅጠሉም ደግሞ ይጠጣል፤ ምንጩ መጨመሩም ሆነ መቀነሱ የሚወሰነው ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። ተጋግጦ በጠጠረ መሬት ላይ የበሩ መከፈት ሊበልጥ ይችላል፤ ከምንጭ ራስ አጠገብ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተተከለ ባሕር ዛፍ ግን መጠጣቱ ይበልጣል። በሑምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ መደረጉ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ በዚያ የበቀለው በአብዛኛው ቀድሞ ከነበረው የአገር ዛፍ ሥር የወጣ መሆኑ ነው፤ ሥሩ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋልና።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። «ምንጩ ቢደርቅ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል» የሚሉ አሉ። በስምጥ ሸለቆው ወለል ከሚገኙት ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እንደሚያወጡ መዘንጋት የለበትም። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፥ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የደጋው ምንጭ እንዲሁ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

አሁን የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ማንኛችንም ብንሆን የአንድን ማሳ በር ክፍትነት በጥቂት ሣንቲም ልንለካ እንችላለን። ከሁለት ወገን የተከፈተ፥ ስፋቱ አሥር ሣንቲሜትር የሆነ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ወስደን ግማሽ ጣት ያህል አፈሩ ውስጥ እንተክላለን። አንድ ብርጭቆ ውኃ፥ ይኸውም 200 ሚሊሊትር፥ ቀስ አድርገን እናፈስሳለን። ይህ በቆርቆሮው ውስጥ 25 ሚሊሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ አንድ ጠንካራ ዝናብ እንደሚያወርደው ማለት ነው። ሰርጎ እስኪያልቅ እንጠብቅና ሁለተኛውን ብርጭቆ እናፈስሳለን፤ የምንመዘግበው የሁለተኛውን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ደረቁን አፈር ለማርካት ይሄዳልና። ይህን በአንድ ቤት ዳርኳ ላይ አምስት ጊዜ፥ በዚያው ቤት ሾቃ ላይ አምስት ጊዜ እናደርጋለን። የማሳውን ተዳፋትና ምን እንደ ተዘራበት፥ በአጠገቡም ጉድጓድ ቢኖር ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እንጽፋለን።

ኅብረቱ ቢፈቅድ በዚህ ዓመት ሃያ ቤቶችን ለመለካት አስቤአለሁ። ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁ፤ ለየባለ ማሳውም በወላይትኛ አስረዳለሁ። የሒሳብ ክፍል ወንድሞቼ አማካዩን እንዲያወጡልኝ፥ የሕግ ክፍልም በጎርፍ ማፍሰሻ ላይ የተጻፈ ደንብ እንዳለ እንዲመረምርልኝ እለምናለሁ። የሚመጣ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ይገኝ። የቆሸሸ ጫማ ይልበስ፤ ሰዓት ለመያዝ ስልክ ይበቃል። የባለ መሬቱን ፈቃድ ሳንጠይቅ ማንም ወደ ማሳ እንዳይገባ። ቆርቆሮው ከእኔ ዘንድ አለ፤ ስድስት ሰብስቤአለሁ፥ አራት ይጎድለኛል።